ጋሼ፣ አይጫኑት

የተቃጠለ ሞተር ሲሸተኝ እስከ ዛሬ ግራ ጉንጬ ይግላል። ሰሞኑን ቢሯችን ውስጥ የጁስ መፍጫው ተቃጥሎ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ መስኮት ሲከፍት፣ እኔ ከወንበሬ ሳልነሳ ጥርሴን ነክሼ ቀረሁ። አለቃዬ «ሰሚራ፣ አሞሻል እንዴ?» አለችኝ። አላመመኝም፤ ተናድጄ ነው። ምን እንዳናደደኝ ብነግራት ደግሞ ጭራሽ ለይቶላታል ትል ነበር። ልጅ እያለሁ ዱባይ ተራ ውስጥ፣ በሰው ፊት የተቃጠለ አንድ ርካሽ የባትሪ ድሪል ነው እስከ ዛሬ ደሜን የሚያፈላው።

የእኔ ዕድሜ ሰዎች ስለ ልጅነታችን ሲያወሩ እሰማለሁ። ብዩን፣ ሰኞ ማክሰኞውን፣ የጨርቅ ኳሱን አንስተው ይስቁና መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጨምራሉ፤ «ያኔ እኮ ታላቅ ይከበር ነበር!» እዚህች ጋ ሲደርሱ ተነስቼ መሄድ ያምረኛል። ይከበር ነበር፣ አልካድኩም። በማን ጉንጭ እንደተከበረ ግን አንዳቸውም አይጠይቁም።

ቤታችን ከገበያው መሃል፣ ጭድ ተራ ነበር። ቤት ማለት የፊተኛው ክፍል የአባዬ መሥሪያ፣ የኋለኛው ደግሞ መኖሪያችን ነው። አባዬ የሱቅ መደርደሪያ ሠሪ ነበር። ችፑድ ይቆርጣል፣ ይገጥማል፣ ሱቁ ድረስ ተሸክሞ ሄዶ ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። ልብሳችን፣ ፀጉራችን፣ አንዳንዴም ወጣችን የእንጨት ብናኝና የኮላ ሽታ ነበረው። ነፋሱ ከበርበሬ በረንዳ በኩል ሲመጣ ደግሞ ሰፈሩ ሙሉ ያስነጥሳል። ከበራችን ውጭ ኩሊዎቹ ከራሳቸው የሚበልጥ ጭነት አዝለው «ጀርባ! ጀርባ!» እያሉ ሲያልፉ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ነስሩ ደብተራችንን በዕቃ ማስቀመጫው ሳጥን ላይ ዘርግተን የቤት ሥራ እንሠራ ነበር። ያንን መሥሪያ ክፍል እወደው ነበር። ይሄን መጀመሪያ ልናገር፤ ኋላ ስናደድ ያልወደድኩት እንዳይመስል።

ድሪሉ የመጣው መብራት በፈረቃ በሆነበት ጊዜ ነው። የሚሊኒየሙ ግርግር አልፎ፣ ዛሬ የእኛ ሰፈር ከበራ ነገ የማዶው የሚሆንበት ዘመን ትዝ ይላችኋል። አባዬ መብራት በሌለ ቀን ትልቁን ባለገመድ ድሪል እያየ መቀመጥ ሰለቸው። አንድ ቀን ከዱባይ ተራ አረንጓዴ የፕላስቲክ ሳጥን በብብቱ ይዞ መጣ። የቻይና ዕቃ ነው፤ ቀላል፣ ሲነኩት ፕላስቲኩ ጨቅ ጨቅ የሚል። እማዬ አንስታ መዘነችውና «መጫወቻ ነው የሸጡልህ» አለችው። አባዬ ስቆ «እሱስ መጫወቻ ነው፤ ስለዚህ ልጆቹ ይልመዱበት» አላት።

ቀልዱን አልነበረም። ትልቁ ድሪል ፑንታው፣ የሚበሳው ብረት፣ እንጨት ውስጥ ከተነከሰበት የትልቅ ሰው የእጅ አንጓ ሳይቀር ይጠመዝዛል። ይሄኛው ግን አቅመ ቢስ ስለሆነ ሲነከስበት ራሱ ቀጥ ይላል። ሌላው ሰው የዕቃው ጉድለት የሚለውን አባዬ ለልጅ እጅ የተመቸ ነው ብሎ አሰበው። ዛሬ ሳስበው ይሄን ያሰበ ሰውዬና ያንን ያደረገ ሰውዬ አንድ መሆናቸው ነው የበለጠ የሚያበግነኝ።

እሑድ እሑድ ያስተምረን ነበር። መጀመሪያ ልብሳችንን ያያል። የነስሩን እጅጌ ይጠቀልላል፣ የእኔን ሻሽ ራሱ አጥብቆ ወደ ኋላ ያስርና የወጣች ፀጉር እንዳለች በጣቱ ይፈትሻል። እንጨቱ በሞርሳ ሳይታሰር ድሪል አይነሳም፤ አንዱ ድሪል ከያዘ ሌላው እጁን ወደ ኋላ አድርጎ በዓይኑ ብቻ ያያል። የሚበሳው ቦታ ቀድሞ በምስማር ነጥብ ይደረግበታል፣ ያለዚያ ፑንታው እየተንሸራተተ ችፑዱን ይቧጭራል። ብሎን ከመግባቱ በፊት ደረቅ ሳሙና ላይ ይታሻል። ከሁሉም በላይ ግን ድሪል አይጫኑትም። ይሄን ስንት ጊዜ እንዳለው! እጁን እጄ ላይ ደርቦ ክብደቴን ይለካና «ፑንታው ይብላ፤ አንቺ ዝም ብለሽ ያዢለት» ይለኝ ነበር። ትንሽ ከሠራን በኋላ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚነካ ሰው የድሪሉን ሆድ በመዳፋችን እንዳብሳለን። ከሞቀ ያርፋል። እኛም አብረን እናርፋለን፤ እማዬ ሻይ ታመጣለች።

ባትሪው ደግሞ የራሱ ጣጣ ነበረው። ቻርጀሩ ርካሽ ስለሆነ ሞላሁ ብሎ አያቆምም፤ ከረሱት ባትሪውን እስኪቀቅለው ይሞላል። ስለዚህ አባዬ ሰዓቱን በአዛን አደረገው። የእኩለ ቀኑ የዙሁር አዛን ሲወጣ ይሰካል፣ የከሰዓቱ የአስር አዛን ሲወጣ ይነቀላል። ነቃይዋ እኔ ነበርኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ የአስር አዛን መንገድ ላይ እንዳይቀድመኝ ቦርሳዬን አቅፌ በሰውና በጋሪ መሃል እሮጥ ነበር። ደርሼ ስነቅለው ባትሪው ለብ ብሎ ይቆየኛል። ማታ ማታ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ብናኙን ከአየር ማስገቢያው እጠርግና፣ የፑንታውን መያዣ በጨርቅ ወልውዬ ሳጥኑ ውስጥ አስተኛዋለሁ። ያ ዕድሜው አጭር ነው የተባለ ዕቃ እኛ ቤት የጎረቤቶቹን ባለስም ድሪሎች ሸኝቶ ቆየ።

ነስሩ ችኩል ነበር፤ ፑንታ ይሰብራል፣ ከዚያ እኔን ያያል። እኔ ድምፁን እሰማ ነበር። ድሪል ሲደክመው ድምፁ ይወፍራል፣ ያኔ ጣት ማንሳት ነው። ይሄን ማንም አላስተማረኝም። አባዬ አንድ ቀን መደርደሪያ ሊያዝ ከመጣ ሰው ጋር እያወራ፣ እኔ የማልሰማው መስሎት፣ «የዚህች ልጅ እጅ አይቸኩልም» ሲል ሰማሁት። ያቺን ቃል እስከ ማታ ድረስ እያላመጥኩ ዋልኩ።

የሰፈር ልጆችም ተሰልፈው ይመጡብኝ ነበር። ቆርኪውን በድንጋይ ጠፍጥፈን፣ መሃሉን ሁለት ቦታ በስተን፣ ክር አሹልከን ግራና ቀኝ ስንስበው ዥው የሚለውን መጫወቻ የማያስታውስ የለም። ሌላው ልጅ በምስማርና በድንጋይ ነው የሚበሳው፤ ቀዳዳው ጠማማ ስለሚሆን ቆርኪው እየተወላገደ ይዞራል። የእኔ ግን ቀጥ ያለ ነው። አባዬ ቅዳሜ ከሰዓት ፈቅዶልኝ በራፋችን ላይ ሞርሳውን ይዤ ስቀመጥ፣ ከጭድ ተራ ጫፍ ጫፍ ልጆች ቆርኪ ይዘው ይመጣሉ። በዚያ ሰፈር ንግሥት ነበርኩ ብል አላጋነንኩም።

በዚያ ዓመት አባዬ ቃል ገባልኝ። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ አንድ ሙሉ መደርደሪያ ከመጀመሪያው ነጥብ እስከ መጨረሻው ብሎን እኔ እሠራለሁ፤ ደንበኛው ሱቅ ሄጄም እኔው እሰቅለዋለሁ። እሱ አጠገቤ ቆሞ ብቻ ያያል። በሕይወቴ ብዙ ነገር ተመኝቻለሁ፣ ዲግሪም ጭምር። እንደዚያ መደርደሪያ አድርጌ የተመኘሁት ነገር ግን ትዝ አይለኝም።

አሁን ጋሽ ሽኩርን ላምጣቸው። ጋሽ ሽኩር የፕላስቲክ ጫማ ጅምላ ነጋዴ ናቸው፤ ከአባዬ ጋር የአንድ አገር ልጆች ናቸው። አባዬ በልጅነቱ ከገጠር ሲመጣ መጋዘናቸው ውስጥ ማዳበሪያ ላይ ያስተኙት፣ ያበሉት፣ ኋላም አናጺ ዘንድ ወስደው ሥራ ያስለመዱት እሳቸው ናቸው። ኢድ ሲሆን መጀመሪያ የምንሄደው እሳቸው ቤት ነው። እኛን ልጆቹንም ይወዱናል፤ ባዩን ቁጥር ኪሳቸውን ፈትሸው ብስኩት ይሰጡናል። ክፉ ሰው ቢሆኑ እንዴት በቀለለኝ!

ክረምቱ ሊገባ አካባቢ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ዱባይ ተራ ፎቅ ላይ አዲስ ሱቅ ከፍተው መደርደሪያቸውን ልንሰቅል አባዬ፣ እኔና ነስሩ ሄድን። የዚያን ቀን ፈረቃው የማዶ ሰፈር ነበር። ሦስቱ የሱቁ ግድግዳዎች የጣውላ ስለሆኑ በባትሪው ድሪል ጥሩ እየሄድን ነው። ቀሪው ጎን ግን የሕንፃው የኮንክሪት ዓምድ ነው። አባዬ በትህትና «ጋሼ፣ ይቺን ጎን መብራት ሲመጣ በትልቁ እበሳታለሁ» አላቸው። ጋሽ ሽኩር ግን ዕቃቸው ደርሶባቸዋል። ኩሊዎቹ ካርቶን አዝለው ደረጃው ላይ ተደርድረዋል፣ የጎረቤት ነጋዴዎች ለአዲሱ ሱቅ እንኳን ደስ ያለዎት ለማለት መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል። ጋሽ ሽኩር ላብ በላብ ሆነው «እስከዚያ ዕቃዬ ደረጃ ላይ ይደር? አምጪ ወዲህ!» አሉና ድሪሉን ከእጄ ላይ ወሰዱት።

የእንጨት ፑንታ ነው የገባበት። ዓምዱ ላይ ተከሉትና በደረታቸው ተደገፉበት። ወዲያው ድምፁ ወፈረ። «ጋሼ፣ አይጫኑት! ኮንክሪት አይበሳም፣ ይቃጠላል» አልኳቸው። ያልሰሙኝ መስሎኝ ደግሜ ጮክ ብዬ አልኳቸው። በሩ ላይ ከቆሙት አንዱ ሳቀ፤ «ልጅቷ ሙያተኛ ናት እንዴ?» አለ። ይሄኔ ጋሽ ሽኩር ይባስ ብለው ተጫኑ። ወደ አባዬ ዞርኩ። እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ቆሟል። እንደሰማ አውቃለሁ፣ እኔ የሰማሁትን ድምፅ እሱም ይሰማዋልና። አየኝ። አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ።

መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ ከዚያ ከአየር ማስገቢያው ቀጭን ጭስ ወጣ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። ዓምዱ ላይ አንዲት ጭረት ብቻ ነበረች። ሰው ሁሉ ጋሽ ሽኩርን ያያል። እሳቸው ድሪሉን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩትና «ድሮም ልጆች ሲጫወቱበት ከርመው አበላሽተውታል። ይሄ ለልጅ የሚሰጥ ዕቃ ነው?» አሉ።

አባዬ ያኔ ነው በጥፊ የመታኝ። በሰው ፊት፣ በኩሊዎቹ ፊት፣ በነስሩ ፊት። ከዚያ በፊት እጁን አንስቶብኝ አያውቅም ነበር። ጥፊውን እንኳን ልተወው፤ በዚያን ዘመን ጥፊ ያልቀመሰ ልጅ ማን አለ? የተናገረውን ነው መተው ያቃተኝ። «ስንት ጊዜ አትንኪ ብዬሻለሁ!» አለኝ። አትንኪ! ሻሼን በእጁ ያሰረልኝ ሰው፣ እጁን እጄ ላይ ደርቦ ያለማመደኝ ሰው። እሑዶቹን ሁሉ፣ አዛኑን ሁሉ፣ ሩጫዬን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልነበረም አደረገው። ከዚያ ወደ ጋሽ ሽኩር ዞሮ «ይቅርታ ጋሼ፣ ልጅ ናት» አለ።

እሳቸው ደግሞ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ገላጋይ ሆኑ! «ተው እንጂ፣ ልጅ አይመታም፤ ዕቃ ይተካል» እያሉ በመሃላችን ገቡና ራሴን ዳበሱኝ። አባዬም «እጃቸውን ሳሚ» አለኝ። ሳምኩ። የሳምኩት እጅ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸት ነበር። በሩ ላይ የቆሙት ሰዎች በጋሽ ሽኩር ደግነት ተደስተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ አንድ ነገር ይለኛል ብዬ ነበር። ሰው የለማ፤ ማንም አይሰማን። «ልክ ነበርሽ» ማለት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? አባዬ ግን መታጠፊያው ላይ ቆም ብሎ ትኩስ ሳምቡሳ ገዛና ትልቁን ለእኔ ዘረጋልኝ። አልበላም አልኩ። ይዞት ሄደ፤ ቤት በር ላይ ስንደርስ ለነስሩ ሰጠው። ነስሩም እኔን እኔን እያየ በላው። ለረጅም ጊዜ በእሱም ተናድጄ ነበር፤ ኋላ ነው የረሳሁለት፣ ሳምቡሳ የቀረበለት ልጅ ምን ያድርግ?

እማዬ ነገሩን ከነስሩ ሰምታ ማታ አጠገቤ ተቀመጠች። «አባትሽ ምን ያድርግ? ይሉኝታ ይዞት ነው» አለችኝ። ይሄን ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ እጠላዋለሁ። ይሉኝታ ሲባል እንደ ጨዋነት ነው የሚወራው፤ የሰው ፊት ማየት፣ ሰው አለማሳፈር። የእኔስ ፊት የሰው ፊት አይደለም? አባዬ የጋሽ ሽኩርን ፊት ለማዳን የሚያወጣው ነገር ሲፈልግ እጁ ላይ የቀረብኩት እኔ ነበርኩ። ያለማመንታት አወጣኝ።

ውሸት ደግሞ አንዴ ከተነገረ በኋላ ጠባቂ ይፈልጋል። አባዬ ለድሪሉ ከምናለሽ ተራ አሮጌ ሞተር ፈልጎ አስገጠመለት፤ እንደ ድሮውም መሥራት ጀመረ። ጋሽ ሽኩር ግን ከሱቃቸው ሲመለሱ በእኛ በራፍ ያልፋሉ፤ ገባ ብለውም ሻይ ይጠጣሉ። «አትንኪ» የተባለች ልጅ ድሪል ይዛ እንዴት ትታያለች? መጀመሪያ «ዛሬ ተዪው፣ ጋሼ ይመጣሉ» ነበር። ቀጥሎ «ለጊዜው ተዪው» ሆነ። ኋላ ቤታችን ውስጥ ተሰምቶ የማያውቅ ወሬ መጣ፤ «ሴት ልጅ ደግሞ ድሪል ምን ያደርግላታል?» ይሄን ያለው ያው ያ እጇ አይቸኩልም ያለው ሰው ነው።

ክረምቱ ሲገባ የተገባልኝ መደርደሪያ ቀርቶ በርበሬ በረንዳ አክስቴ ዘንድ በርበሬ እንድቀነጥስ ተላክሁ። ከሴቶቹ ጋር ማዳበሪያ ላይ ተቀምጬ ዘንግ ዘንጉን ስነቅል እውላለሁ። ጣቶቼ ይለበልባሉ፣ ዓይኔን ልጠርግ ብል እሱም ይቃጠላል። አክስቴ ጥሩ ሴት ነበረች፤ እያስነጠስን እንስቅ ነበር፣ ሥራውም ለክፉ አይሰጥም። ግን የእኔ አልነበረም። ነስሩ ወንድ ስለሆነ ብዙ ሳይቆይ ወደ ድሪሉ ተመለሰ። አንድ ቀን መጥቶ «ባትሪውን በመሃል መብራት ከጠፋ ስንት ሰዓት ታቆዪው ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። አውቅ ነበር። ልነግረው ያልፈለግሁት ድሪሉ እንዲሞት ስለፈለግሁ ነው፤ ሞተም። አዝኜ አላውቅም።

የቆርኪው ሰልፍም ቀረ። ልጆቹ ለጥቂት ቅዳሜ መጥተው በራፉን እያዩ ተመለሱ፤ ከዚያ ወደ ምስማርና ድንጋያቸው ሄዱ።

አደግኩ። ተማርኩ፣ ሥራ ያዝኩ፣ አገባሁ። ከአባዬ ጋር አልተኳረፍንም፤ እንዲያውም በሰው ፊት የምንዋደድ አባትና ልጅ ነበርን። ኢድ ሲሆን እሄዳለሁ፣ ሲያመው ሐኪም ቤት እወስደዋለሁ። ብቻ በመሃላችን የሆነች ነገር ቆማ ነበር፤ ሁለታችንም ዞረን ነው የምናልፋት። እኔም አላነሳሁም። እኔ ላንሳ? ለምን እኔ? የተመታሁት እኔ፣ ይቅርታ የምለምነውም እኔ?

ተስፋዬ ጋሽ ሽኩር ነበሩ። እሳቸው እስካሉ አይችልም፣ ሲሞቱ ግን ይሉኝታው አብሯቸው ይቀበራል ብዬ አስብ ነበር። ሰው የሌላውን ሞት እንዲህ መጠበቁ ያስጠላል፤ እኔ ግን ጠብቄያለሁ። ሞቱ። አባዬ ከቀብር ሲመለስ ውኃ አስታጠብኩት። ፎጣ አቀበልኩት። ከእኔና ከእሱ ሌላ ሰው አልነበረም። እጁን ቀስ ብሎ አደረቀና «ያሳደገኝ እጅ ነበር» አለ። ፎጣውን መልሶ ሰጠኝ። በቃ። ያንን ፎጣ ይዤ ጓዳ ገብቼ ለመቅደድ ታግያለሁ፤ ፎጣ እንደዚህ ጠንካራ መሆኑን አላውቅም ነበር።

አባዬ ራሱ የሞተው አምና ነው። ድንኳኑ በራፋችን ላይ ተተከለ። በሁለተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ለወንዶቹ ሻይ ይዤ ስገባ ከመሥሪያ ክፍላችን ፊት ለፊት ችፑድ የሚሸጡት ጋሽ ተማም እጄን ይዘው አስቆሙኝ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ቀና ብለው ትኩር ብለው አዩኝ።

«አንቺ ነሽ ሰሚራ? ‹ጋሼ፣ አይጫኑት› ያልሽው?»

ዙሪያውን የተቀመጡት ሁሉ ፈገግ አሉ። ያውቁታል! ሁሉም ያውቁታል። ጋሽ ተማም ትሪውን አስቀምጬ እንድቀመጥ አደረጉኝና ሊያጽናኑኝ ብለው አጫወቱኝ። አባዬ አዲስ ሠራተኛ በቀጠረ ቁጥር ድሪል ከማስያዙ በፊት የሚነግረው ያቺን ታሪክ ነበር አሉ። እንዴት እንደሰማሁት፣ እንዴት እንደተናገርኩ፣ ጋሽ ሽኩር እንዴት እንዳቃጠሉት። ከዚያ «ልጄ ልክ ነበረች። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ያለ ጥፋቷ መታኋት» ይል ነበር አሉ። ጥግ ላይ የተቀመጠ፣ ጫማው ላይ የእንጨት ብናኝ ያለበት ወጣት «እኛንማ ‹እንደ ሰሚራ ያዙት› ነበር የሚለን» አለ። ከመሃላቸው አንዱ ደግሞ በአንድ ወቅት ለእሷስ ነግረሃታል ብሎ እንደጠየቀው አስታወሰ። አባዬ ሻይውን አማስሎ «ምን ብዬ?» አለው አሉ።

ምን ብዬ! ለእነሱ ያልከውን ነዋ!

ብድግ አልኩና ወጣሁ። ድንኳኑ ጀርባ፣ ሰሃን የሚታጠብበት ቦታ ሄጄ እንባዬ እስኪደርቅ አለቀስኩ። ሴቶቹ ሐዘኑ የጠናብኝ መስሏቸው አቀፉኝ፣ «አይዞሽ፣ የአላህ ሥራ ነው» አሉኝ። የአላህ ሥራ አልነበረም። የአባዬ ሥራ ነው። ያለቀስኩት በንዴት ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ እንደሚወደኝ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። እንዳፈረብኝ ሳይሆን በራሱ እንዳፈረ ያኔ ገባኝ። ጋሽ ሽኩርን ያፈራቸውን ያህል እኔንም አፍሮኝ ኖሯል። ይሄ ግን ንዴቴን አላበረደውም፤ ጨመረው እንጂ።

ዛሬ ቤቴ ውስጥ ድሪል አለ። ባትሪው ሲሞላ ራሱ ያቆማል፣ ሲሞቅም ራሱ ይጠፋል፤ አዛን የሚጠብቅለት ልጅ አያስፈልገውም። ልጄ ሐያት ግን ሻሿን አስሬላት ትይዘዋለች። እኔም ሰው ነኝና አንዳንዴ ያለ ጥፋቷ እጮህባታለሁ፣ ጎረቤት ተቀምጣ እያለችም ጭምር። ያኔ ጎረቤቷ ሳትነሳ፣ እዚያው፣ የሰማው ሁሉ እየሰማ «ተሳስቻለሁ፣ ልክ ነበርሽ» እላታለሁ። ጎረቤቶቼ ይሄን አይወዱትም፤ ልጅ ታበላሻለሽ ይሉኛል። ሐያት ራሷ ሰልችቷታል፤ «እሺ እማ፣ ሰማሁ፣ በቃ!» ትለኛለች። መሰልቸት መቻሏ ያስቀናኛል።

የእኔ ዘመን ሰዎች እንግዲህ ያኔ ታላቅ ይከበር ነበር በሉ፤ ልጅነታችሁ የእናንተ ነው። እኔም ያ መሥሪያ ክፍል ይናፍቀኛል፣ የእንጨቱ ሽታ፣ የእሑዱ ሻይ፣ እጄ ላይ የተደረበው የአባዬ እጅ። ናፍቆቱና ንዴቱ አብረው ነው የሚመጡብኝ፣ አንዱን ከሌላው መለየት አቅቶኛል። ለችፑድ ነጋዴው ነገረው። ለኩሊው ነገረው። ስማቸውን ለማላውቃቸው፣ አንድ ክረምት ሠርተው ለሚሄዱ ልጆች ነገረው። ጭድ ተራ ሙሉ ሻይ እየጠጣ የሰማውን ነገር እኔ የሰማሁት በለቅሶው ላይ ነው።

አባዬ፣ እኔ እኮ ቤት ነበርኩ።